ሁለተኛው ፍሬን

ጥቅምት 9

«ይሄ መኪና እኮ ሞቷል፤ የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው የሚሄደው።»

ይህን ያለው መካኒካችን ነው። ለእኔ አይደለም፤ ኮፈኑ ሥር እንዳጎነበሰ አጠገቡ ላለው በያጅ ነው። እኔ ግን ሰማሁ፤ የሰማሁትንም እንደ ወረደ ተቀበልኩት። አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል ብዬ ገብቼ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ችግሩ፣ ጋቢና አባባ ተቀምጧል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ በሕመምተኛ ፊት አይነገርም። ስለዚህ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ። እስካሁን ማንም አልነገረውም።

ውድ እህቴ፣ ሰላምታዬ ስለዘገየ ይቅርታ። እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስለጨረስኩ ማስረጃ የሌለውን ዓረፍተ ነገር እጄ ራሱ ይሰርዘዋል። ስለዚህ በየተራ ልመልስልሽ። ይበላል ወይ ላልሽው፣ ይበላል፤ ካልቸኮልኩበት። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንዳሉ ናቸው፣ ማለትም የሉም። ይናገራል ወይ ላልሽው፣ አንድ ቃል ይናገራል። «ቀስ» ይላል። ሾርባ ሲቀርብለትም፣ ጸጉሩን ስቆርጥለትም፣ ዜና ሲሰማም «ቀስ» ነው። ዜናውን በተመለከተ እስማማለሁ።

ለምን በስልክ አትነግረኝም ብለሻል። ስልኩ ሲጮኽ አባባ ወንበሩን እንዳስጠጋለት በዓይኑ ያዘኛል። የታመመው አፉ እንጂ ጆሮው አይደለም። ስለ እሱ፣ እዚያው እሱ ፊት፣ እንደሌለ አድርጌ ማውራት አልችልበትም። ስለዚህ በስልክ ስለ ዝናብ እናውራ፤ ቁም ነገሩን በደብዳቤ።

ቁም ነገሩ መኪናው ነው። አባባን ለእግሩ ፊዚዮቴራፒ ወደ ክሊኒኩ የማመላልሰው በእሱ ነው፤ ክሊኒኩ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ መኪናው ደግሞ ዳገት ላይ ሲደርስ እንደ ሰው ያስባል። ዘይት ይበላል። ሦስተኛ ማርሽ የሚገባው ደስ ሲለው ነው። መካኒኩ እንደሚለው ወይ ሞተሩም ካምቢዮውም ወርዶ እንደ አዲስ ይሠራ፣ ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ሰጥተን ሌላ እንግዛ። አባባ ስንቱን ሰው መንዳት ያስተማረበት መኪና ነው። ጣሪያው ላይ «ለማማጅ» የሚለው ሰሌዳ የተነቀለበት ቀዳዳ አሁንም ያፈሳል፤ በዝናብ ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ባልዲ እናስቀምጣለን።

ምን ትያለሽ? መቼስ ነው የምትመጪው?

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ዴፖው ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓቴ፣ የአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሳቅ አመለጠኝ፤ ከዚያ ሌላም ነገር አመለጠኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እዚህ ሁሉም የሚያውቀኝ በቁጣዬ ነው፤ ስሜን እንዳታጠፋብኝ።

አጭሩ መልሴ፦ ለውጠው።

ረጅሙ ይኸው። እኔ የምነዳው አውቶቡስ አንተ የወተት ጥርስህን ነቅለህ የጨረስክበት ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ጡረታ ይወጣል። ማንም አያለቅስለትም፤ አዲስ ይመጣል፣ ሰው ይሳፈራል። አንተ ግን የታመመ ሰው ጭነህ በታመመ መኪና ዳገት ትወጣለህ፤ መሪው ላይ ያለኸውም አንተ ነህ። ይህን ሦስተኛውን ነገር በትሕትና ነው የማነሳው። የአባባ ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ። የተማርኩበትም እኔ ነኝ፤ የመጨረሻ ተማሪው። ግን ትዝታ ዳገት ላይ አይጎትትም። ነጭ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ በሩ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ለአባባ መውጫ እንዲመቸው። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ምን እንዳለች ደብቀኸኛል። «ትላለች ብዬ አላስብም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፈህ ሰርዘኸዋል፤ ብርሃን ላይ ሳደርገው ይነበባል። ጻፍልኝ።

ስለ መምጣቴ የጠየቅከውን አንብቤዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ቦታ ስላለቀብኝ በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 24

ቀንድ አውጣ፣

አባባ ያወጣልሽን ስም የተጠቀምኩት ሆን ብዬ ነው፤ ተናደጂና ቶሎ መልሺልኝ። ቦታ አለቀብኝ ካልሽበት በታች ግማሹ ገጽ ባዶ ነበር። አራሚ ስለሆንኩ አየሁት፤ ወንድምሽ ስለሆንኩ አላየሁትም።

የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ፊዚዮቴራፒስቷ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ትላለች ብዬ አላስብም። እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ስታዘው ግድግዳውን ያያል። በግዱ ስታንቀሳቅስለት ዓይኑን ይጨፍናል። «ፍላጎት የላቸውም» አለችኝ፤ ስለ ተማሪ እንደሚባለው።

ትእዛዝሽን አክብሬ መኪና ለማየት ሄድኩ። ነጭ ናት፣ ትንሽ ናት፣ በሯ ሰፊ ነው። ሻጩ «አንዲት መምህርት ናት የነዳቻት፣ ከቤት ትምህርት ቤት ብቻ» አለኝ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየሁት፤ መምህርቷ የምታስተምረው ሌላ አገር ነው። ቢሆንም ወደድኳት። አባባን ጋቢና አስቀምጬ ልሞክራት ወጣሁ። ሞተሯ አይሰማም፤ ማርሿ ሳልነካው የሚገባ ይመስላል። ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አባባ በግራ እግሩ ምንጣፉን መፈተሽ ጀመረ። ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ከወንበሩ ሥር፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጠላ ጫማውን እንደሚፈልግ ሰው።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልጻፍኩልሽን ልጻፍ። የእኛ መኪና ጋቢናው በኩል ያለውን ሁለተኛ ፍሬን ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔን ሊያስተምረኝ ሞክሮ በሦስተኛው ቀን መነጋገር አቁመን ነበር፤ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት እሱ ከታመመ በኋላ፣ በሌላ ሰው መኪና ነው። እንግዲህ ነሐሴ ላይ ዳቦ ቤቱ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ጋ ስንደርስ ዳቦ ቤቱ አዲስ ማስታወቂያ ሰቅሏል። «ትኩስ» ከሚለው ቃል መሃል አንዷ ፊደል ወድቃለች። ዓይኔ እዚያ ቀረ። ቀና ስል መኪናችን ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ከቅያሱ ወደ ኋላ የወጣ የጭነት መኪና ስፖንዳው ኮፈናችንን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። የእኔ እግር የት እንደነበረ አላውቅም። የአባባ ግራ እግር ግን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦታል። ዞር ብሎ አየኝና «ቀስ» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም መስቀለኛ መንገድ ሳይረግጥ አልፎ አያውቅም። በግራ እግሩ። ትዝ ይልሻል፣ በግራ እግሩ ፍሬን የያዘ ተማሪ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ እንዲሄድ ያደርግ ነበር። አሁን ግን ከቤታችን እስከ ክሊኒኩ ድረስ ሥራ ላይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል፤ ስንደርስ እንደ ድሮው በረጅሙ ይተነፍሳል። ክሊኒኩ ውስጥ ሕመምተኛ ነው። መኪናው ውስጥ አስተማሪ ነው፣ እኔም ደካማ ተማሪ ነኝ፤ ለሁለታችንም ተስማምቶናል።

ነጯ ውስጥ ፔዳል የለም። መስቀለኛው ላይ ምንጣፉን ረገጠ። መኪናዋ ቆመች፤ ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ እሱም አወቀ። እግሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቤት ስንደርስ ወደ አሮጌው እንዳስገባው በጣቱ አመለከተኝ፤ ራቱን እዚያው አበላሁት።

መኪና የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ፍረጂ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 10

ጋሼ፣

አሠራው።

ሞተሩንም ካምቢዮውንም አውርደው ይሥሩት። በወጪው እኔ አለሁ፤ አትጨቅጭቀኝ። ሐሳቧን ለምን ቀየረች ብለህም አትመራመር። ቀየርኩ።

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የጋቢናውን ፔዳል ማንም እንዳይነካው። መካኒኩ አይፍታው፣ አያጥብቀው፣ አይቀባው። «እህቴ ናት ያለችው» በለው፤ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የአባባን እግር አትጠብቅ። እሱ ይርገጥ፤ እንደ ልቡ ይርገጥ። አንተ ግን ጎንህ ማንም የሌለ ያህል መጀመሪያ ርገጥ። ሁልጊዜ። ማስታወቂያ አታንብብ፤ አገሩ ሁሉ ፊደል ቢገድፍ አንተን አያገባህም። «እሺ፣ መጀመሪያ እኔ እረግጣለሁ» ብለህ በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ። እየቀለድኩ አይደለም።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ በነበረው ዙር አንድ ፌርማታ ዘልዬ አለፍኩ። አንዲት አሮጊት እስኪወርዱ ድረስ ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው።

አሁንም እስከ ታች ነው የሚረግጠው? ይህንንም ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥር 18

እህቴ፣

እሺ፣ መጀመሪያ እኔ እረግጣለሁ። ይኸው በእጄ ጻፍኩት፤ ማኅተም ስለሌለኝ ይቅርታ።

አዎ፣ እስከ ታች ነው የሚረግጠው፤ የጫማው ጫፍ እስኪታጠፍ።

መዘግየቴን በተመለከተ ጥፋቱ የመካኒኩ ነው። ይህ ሰው ስለ ጊዜ የሚያውቀው ቃል «ነገ» ብቻ ነው፤ አባባ «ቀስ» እሱ «ነገ» ሲባባሉ ለካ እስከዛሬ የተግባቡት ያለ ምክንያት አይደለም። መልእክትሽን ነገርኩት። ፔዳሉን እንዳትነካው፣ እህቴ ናት ያለችው ስለው ቁልፉን አስቀመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና «እህትህ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። «እሱን ነገር እኔ አልነካም» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። በፊትም ጨዋ ሰው ነው።

እስኪሠራ አባባን ምን አደረግከው ማለትሽ አይቀርም። መኪናው ጋራዥ በገባ በማግስቱ ቁርሱን እምቢ አለ። በማግስቱም እምቢ አለ። ሰው ለምኜ በሰው መኪና ጋራዡ ወሰድኩት። መኪናችን ግቢው መሃል ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል፤ ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከጎኑ። አባባ ጋቢናውን አሳየኝ። አስገባሁት። ቀበቶውን አሰርኩለት፤ ያለ ቀበቶ ደስ አይለውም። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት እዚያ አደርሰዋለሁ፤ ከሥራ ስወጣ እወስደዋለሁ። በያጁ አንድ ቀን ጠራኝና «አባትህ ሞተር የሌለው መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ምንድነው የሚያደርጉት?» አለኝ።

«ፍሬን ይዘዋል» አልኩት።

«መኪናው እኮ አይሄድም።»

«ስለያዙት ነው።»

ትንሽ አሰበና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲያመጣ ለአባባም ያመጣል፤ በመስኮቱ ያቀብለዋል።

አሁን አልቋል። ዳገቱን በሦስተኛ ወጣነው። አባባ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ በግማሽ ፊቱ፣ ግን ሳቀ። ክሊኒኩ ውስጥ ለፊዚዮቴራፒስቷ በግራ እግሩ እንዴት እንደሚረግጥ አሳያት። «ፍላጎት አላቸው እኮ» አለችኝ፣ እኔ እንደ ደበቅኩባት ሁሉ።

አየሩ እዚህ ደረቅ ነው። ጧት ይበርዳል፣ ከሰዓት ይሞቃል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን እያረገፉ ነው፤ ግቢውን በየቀኑ እጠርጋለሁ። ነፋሱም ዘንድሮ በርትቷል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ያድራል። ደመናም አልፎ አልፎ ይታያል። አባባን ትንሽ ጉንፋን ይዞታል።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ጋሼ፣

ስለ ቅጠልና ስለ ደመና ጽፈህልኛል። በሕይወትህ ግቢ ጠርገህ አታውቅም። በመጨረሻ ጉንፋን አልክ። እናታችንም የሞተችው በጉንፋን ነበር፤ እስክትቀበር ድረስ የነገራችሁኝ እንደዚያ ነው።

አልቆጣም። ስለ ዕረፍቴ ዝም ያልኩህ ሁለቴ ጠይቄ ሁለቴ ስለከለከሉኝ ነበር፤ ተስፋ ሰጥቼህ እንዳልነሳህ ብዬ ነው። እኔም ስለ ደመና እንደጻፍኩልህ ቁጠረው። አሁን ፈቅደዋል። ሚያዝያ ላይ እመጣለሁ። ለአባባ ንገረው። ቀንድ አውጣ ትመጣለች፣ አንተን ጋቢና አስቀምጣ እሷ ትነዳለች በለው። የምጠይቀውም ነገር አለኝ፤ በ«ቀስ» ብቻ ቢመልስልኝም ይበቃኛል።

ሲስቅ ግማሽ ፊቱ የቱ ነው፣ ያ የጉንጩ ጎድጓዳ ያለበት ነው?

እህትህ


መጋቢት 14

እህቴ፣

በስልክ የነገርኩሽን በጽሑፍ አልደግመውም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ያ ጎድጓዳ ነበር፤ አዎ፣ እሱ ያለበት ነው። እንደምትመጪ ነግሬዋለሁ። «ቀስ» አለ። ልጅቷ ረጋ ብላ ትምጣ ማለቱ መሰለኝ።

በቀብሩ ላይ አለመገኘትሽን ማንም አላነሳም። በያጁ መጥቶ ነበር፣ ክራቫት አስሮ። ፊዚዮቴራፒስቷም መጥታ ነበር።

እንዴት ነበር የመጨረሻው መንገድ ላልሽው። መኪናው አላሳፈረንም። በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ ድምፁ እንኳ አልተሰማም። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ቃሌን አክብሬ መጀመሪያ እኔ ረገጥኩ። ከዚያ ወደ ጎን አየሁ። ግራ እግሩ ምንጣፉ ላይ ነው፤ ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ሐኪሙ ያነጋገረኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ወሬውን የሰማሁት ዳቦ ቤቱ ጋ ነው።

አሁን መኪናውን ልሽጠው ወይስ ላቆየው? አንዲት የመኪና መንዳት አስተማሪ ለሥራዬ ይሆነኛል ብላ መጥታ ነበር። ሁለተኛው ፍሬን ስላለው ነው የፈለገችው። ጋቢና ተቀመጠች፣ እኔ በዝግታ ነዳሁ። «አንተ አትያዝ፣ እኔ ልሞክረው» አለችኝ። ረገጠች። መኪናው መሄዱን ቀጠለ። «ይሄ ባዶ ነው» አለች። አይደለም፣ አባቴ የጭነት መኪና ሊገጨን ሲል ያዳነን በዚህ ነው አልኳት። ደግማ ረገጠች። እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ሄድን፣ እሷ እየረገጠች፣ እኔ እየነገርኳት። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን የሳበችው እሷ ናት።

መካኒኩ ጋ ወሰድኩት። በጥገናው ጊዜ አንድ ነገር ወልቆ ይሆናል፣ ብሎን ረስተህ ይሆናል አልኩት። እጁን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። «እህትህን ጠይቃት» አለኝ።

እየጠየቅኩሽ ነው። ከጥገናው በኋላ ቢበላሽ ግድ የለኝም። ነሐሴ ላይ ግን ይሠራ እንደነበረ ንገሪኝ። ይህን ብቻ።

ወንድምሽ


መጋቢት 30

ጋሼ፣

ይህን ሚያዝያ ላይ ፊት ለፊት ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን እስከዚያ መተኛት የምትችል አልመሰለኝም። ልዋሽህም አስቤ ነበር። ሁለት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ።

ሁለቱን ፔዳሎች የሚያገናኝ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ክንድ አይሞላም፣ ጫፉ ታጥፏል። መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁ ቀን አባባ ጋራዥ ወሰደኝና አስፈታው። የፈታው ያው መካኒካችን ነው። አባባ ዘይቱን በመሐረቡ ጠርጎ ሰጠኝ። «ከእንግዲህ ስትረሺ የሚረግጥልሽ የለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ተማሪ አልያዘም።

ከታመመ በኋላ ይህን ረስቶት ነበር ወይስ እያወቀ ነበር የሚረግጠው? ልጠይቀው የነበረው እሱን ነው።

መኪናውን ለአስተማሪዋ ስጣት። እስክመጣ ትታገሥ፤ የጎደለውን ይዤላት እመጣለሁ። የአባባን ጫማ ግን ለማንም አትስጥ፣ የግራውን።

ነሐሴ ላይ እግርህ የት እንደነበረ አላውቅም ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ አውቃለሁ። ዘንጉ መንጃ ፈቃዴን ካገኘሁበት ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነው፤ የሹራቦቼ መሳቢያ ውስጥ።

እህትህ